ፖሎናሩዋን በካልሲ፦ የጥንቷን የስሪላንካ ከተማ በአንድ ቀን ለመጎብኘት

ወደ ፖሎናሩዋ ለመሄድ ካሰባችሁ ሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ጨምሩ። ከተማዋ በስሪላንካ ሰሜን መካከለኛ ክፍለ ሀገር፣ ሐሩር በሚበረታበት ሜዳ ላይ ትገኛለች። በቡድሃ መቅደሶቿ ፍርስራሽ ሁሉ ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ከወደቀ ዘመን የለውም። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ያ ድንጋይ የእንጀራ ምጣድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ጫማ ማውለቅ የለመድኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ ስሄድ ነገሩን ንቄው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከአንዷ ዓምድ ጥላ ወደ ሌላዋ ጥላ እየዘለልኩ፣ ነጭ የለበሱ የትምህርት ቤት ልጆች በሳቅ ሲፈርሱ ነው ስህተቴ የገባኝ። የእኛ ቤተ መቅደስ ምንጣፍም ጣሪያም እንዳለው ለካ ረስቼዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ የጉብኝት ቅደም ተከተል አስጎብኚዎች ከሚከተሉት ይለያል። ቀኑን የከፈልኩት በውስጥ እግር ነው፦ ድንጋዩ ሳይግል የት እንሁን፣ ሲግል የት እንጠለል፣ ሲበርድ የት እንመለስ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያኑ ጽፌዋለሁ።

ከቤት ሳትወጡ

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ያዘጋጅ። ስሪላንካ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች ካርዱን ግዴታ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። የመግቢያ ፈቃዱ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ነው። ደንቡ እንደ ፓስፖርቱ ይለያያልና የአየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከኤምባሲው አረጋግጡ፤ ሲፈቀድላችሁ በወረቀት አትማችሁ ያዙት። በስልክ ላይ ያለ ማስረጃ ባትሪ ሲያልቅ ማስረጃነቱ ያበቃል።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ቀላሉ መንገድ በዱባይ ወይም በዶሃ አድርጎ ወደ ኮሎምቦ መብረር ነው። ዱባይና ዶሃ ለምትኖሩ ደግሞ ኮሎምቦ አምስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ናት፤ የዓመት ፈቃድ ሲገኝ ሁልጊዜ አገር ቤት ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህችን በልቡ ይያዛት። መንገዱ ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ፣ ሶፓትሮስ የሚባል ሰው ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ታፕሮባና ስለመድረሱ ይተርካል። ታፕሮባና የዛሬዋ ስሪላንካ ናት።

ወቅቱን በተመለከተ፣ እኛ አገር ክረምት ሲገባ በዚያ አካባቢ ደረቅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ዝናብ ይወርዳል፤ መንገድና የባቡር ሐዲድ የሚያስቸግሩትም ያኔ ነው። ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ቀንም በቀን መቁጠሪያ ላይ ተመልከቱ። ይህ ቀን ፖያ ይባላል፤ በየወሩ ብሔራዊ በዓል ነው፤ አልኮል አይሸጥም፤ አውቶቡሱም መቅደሱም ነጭ በለበሱ ምእመናን ይሞላል። ብዙ የጉዞ ምክሮች ከፖያ ሽሹ ይላሉ። እኔ ግን ፍርስራሹ ባለቤት እንዳለው የሚታየው በዚያ ቀን ነው ባይ ነኝ፤ መጨናነቁን ከቻላችሁት ፖያን ምረጡ።

አለባበስ ቀላል ነው፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሴቶች ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ፀሐይ ይከላከላል፣ ትከሻ ይሸፍናል፣ ከሩቅ ለሚያያችሁም ከአገሬው ምእመን አትለዩም። ባርኔጣ መልበስ ይቻላል፤ ሐውልቱ ፊት ስትደርሱ ግን ከጫማው ጋር ይወልቃል።

ወደ ከተማዋ መድረስ

ከኮሎምቦ ፎርት ጣቢያ ወደ ፖሎናሩዋ ባቡር አለ፤ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ በቀን የሚነሱት ግን ጥቂት ናቸው። አውቶቡስ ይበዛል። ከካንዲ የሚነሳ አራት ሰዓት ያህል ይቆጥራል። አንድ ነገር አትርሱ፦ የባቡሩ ጣቢያም ዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያም ያሉት ካዱሩዌላ የምትባል የገበያ ከተማ ውስጥ ነው፤ ፍርስራሹ ካለበት ከአሮጌው ከተማ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ አልፋ። ከሃባራና በኩል የሚመጣ አውቶቡስ አሮጌውን ከተማ ቀድሞ ስለሚያገኘው ለረዳቱ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያው ያወርዳችኋል። ስትመለሱ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ባጃጅ ይዛችሁ ካዱሩዌላ ድረስ ሂዱና ከመነሻው ተሳፈሩ። አሮጌው ከተማ ላይ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው።

አዎ፣ ባጃጅ ብያለሁ። መኪናዋ ያችው የእኛዋ ባለ ሦስት እግር ናት፤ የዋጋ ክርክሩም ያው ነው፤ ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

በተቻለ መጠን በቀን ብርሃን ግቡ። ከሃባራና ወደ ፖሎናሩዋ የሚወስደው መንገድ በሚኔሪያ ደን አጠገብ ያልፋል፤ ሲመሽ የዱር ዝሆኖች መንገዱን ያቋርጣሉ። ከአውቶቡስ መስኮት ሲያዩት ደስ ይላል፤ በባጃጅ ላይ ሆኖ ግን አይደለም።

የደረሳችሁበት ምሽት

ማረፊያችሁን ከሐይቁ አጠገብ ካሉት የእንግዳ ቤቶች አንዱ ላይ ያዙ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ፓራክራማ ሳሙድራ፣ የፓራክራማ ባሕር ይባላል። በ1153 የነገሠው ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ ነባር ግድቦችን አገናኝቶና አስፍቶ አሠራው፤ ግድቡ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የአገሩ ዜና መዋዕል እንደሚለው ንጉሡ ከሰማይ የወረደች ጠብታ ለሰው ሳትጠቅም ወደ ባሕር እንዳትፈስስ አዝዞ ነበር። ዛሬም የሩዝ ማሳው የሚጠጣው ከዚሁ ነው።

ምሽቱን ግድቡን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ። ፖትጉል ቬሄራ የሚባለው የገዳም ፍርስራሽና ከቋጥኝ የተጠረበው ባለ ጢሙ ሰውዬ እዚያ ናቸው፤ ትኬት አይጠየቅባቸውም። ሰውዬው በሁለት እጁ አንድ ነገር ይዟል። ገሚሱ ንጉሡ ፓራክራማባሁ ነው ይላል፤ ገሚሱ የዘንባባ ቅጠል መጽሐፍ የያዘ ሊቅ ነው ይላል። አይታችሁ ፍረዱ።

ከመተኛታችሁ በፊት ብስክሌት ተከራዩ። ፍርስራሹ ከደቡብ እስከ ሰሜን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚዘረጋ በእግር የሚሞከር አይደለም፤ መንገዱ ግን ሜዳ ነው። ፍሬኑን፣ ጎማውንና መብራቱን ፈትሹ፤ ኮርቻውን በቁመታችሁ ልክ አስተካክሉ። ስሪላንካ ተሽከርካሪ የሚነዳው በግራ ነው። እኛ በቀኝ ስለለመድን አደጋው ያለው መንገድ ስንገባ ነው፤ ዐይናችን በደመ ነፍስ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይዞራል። ሁለቱንም ወገን አይታችሁ ግቡ።

ጠዋት 1 ሰዓት፦ ትኬትና ባለ አራት ማዕዘኑ ቅጥር

ትኬቱ የሚሸጠው ሐይቁ አጠገብ ባለው ሙዚየም ነው። ለውጭ ዜጋ ውድ ነው፤ ከ25 ዶላር በታች አትጠብቁ። የሚያገለግለውም ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በየበሩ ስለሚጠየቅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሙዚየሙን አሁን አትግቡበት፤ የቀትሩ ጥላችሁ እሱ ነው።

ከበሩ እንደገባችሁ ቀድሞ የምታገኙት ቤተ መንግሥቱን ነው። ጎብኚው ሁሉ እዚያ ይወርዳል፤ እናንተ እለፉት። ቤተ መንግሥት ጫማ ስለማያስወልቅ ሲሞቅም ይታያል። በቀጥታ ወደ ባለ አራት ማዕዘኑ ቅጥር ሂዱ፤ በአገሩ ቋንቋ ዳላዳ ማሉዋ ይባላል፣ የቅዱሱ ጥርስ አደባባይ። የቡድሃ ነው የሚባለው ጥርስ የሚቀመጥበት ስፍራ ስለነበር፣ ጥርሱ ያለው ንጉሥ ነው መንግሥቱ ያለው ይባል ስለነበር፣ እያንዳንዱ ገዥ የራሱን ቤት እዚሁ ሠራ። ከአሥር የሚበልጥ ሕንፃ በአንድ ትንሽ ሰገነት ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። እያንዳንዱ ጫማ ያስወልቃል። በዚህ ሰዓት ድንጋዩ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው፤ ካልሲውም ገና አያስፈልግም።

ጊዜያችሁን ቫታዳጌ ለሚባለው ክብ ሕንፃ ስጡት። ሁለት ሰገነት፣ አራት በር፣ በአራቱም አቅጣጫ ፊታቸውን ያዞሩ አራት ተቀምጠው ያሉ ቡድሃዎች አሉት። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ደረጃው ሥር ቁጢጥ በሉ። መሬት ላይ ግማሽ ክብ ሆኖ የተነጠፈ ቅርጽ አለ፤ የጨረቃ ድንጋይ ይሉታል። ከዳር ወደ ውስጥ በረድፍ በረድፍ ተከፍሏል፤ በአንዱ ዳክዬ መሳይ ወፎች፣ በሌላው ዝሆኖች፣ በሌላው ፈረሶች እየተከታተሉ ይሄዳሉ፤ መካከሉ የሎተስ አበባ ነው። ከዚህች ቀድማ ዋና ከተማ በነበረችው በአኑራዳፑራ እንዲህ ባለው ድንጋይ ላይ በሬም አለ። እዚህ የለም። ከደቡብ ሕንድ የመጡት ቾላዎች በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አኑራዳፑራን አጥፍተው መናገሻቸውን ፖሎናሩዋ አድርገው ነበር፤ በ1070 የስሪላንካው ንጉሥ ቀዳማዊ ቪጃያባሁ ቢያስወጣቸውም ሃይማኖታቸው አሻራውን ትቶ ነበር። በሬ የሂንዱዎቹ አምላክ የሺቫ እንስሳ ነው፤ የተከበረ እንስሳ ደግሞ እግር አይረግጠውም። ስለዚህ ቀራጩ ከመርገጫው ላይ አነሳው ይባላል። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ታሪክ በጎደለ በሬ ተጽፏል። እናንተም ድንጋዩን አትርገጡት፤ በጎኑ እለፉ።

ከቫታዳጌ ጥቂት እርምጃ ላይ ጋል ፖታ፣ የድንጋይ መጽሐፍ፣ አለ። 8 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ 25 ቶን የሚገመት አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ከ1187 እስከ 1196 የገዛው ኒሳንካ ማላ ከሚሂንታሌ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለ ስፍራ፣ አስጎትቶ አምጥቶ ስለ ራሱ መልካምነት አስቀርጾበታል። ራስን ማመስገን በየዘመኑ አለ፤ እንዲህ የሚከብድ ግን ብዙ አላየሁም። የቀሩትን ሕንፃዎች እንደ ጊዜያችሁ እዩ፤ ዓምዶቹ እንደ ሎተስ ግንድ የተጠማዘዙትን የኒሳንካ ላታ ማንዳፓያን ግን አትለፉት።

እዚህ ላይ ፎቶ ስለማንሳት። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ጥበቃዎች በፉጨት ያስቆሟችኋል። ከሐውልቱ ጋር መነሳት የፈለገ ፊቱን ወደ ሐውልቱ አዙሮ ይቁም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፦ በ2014 ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት ያላት ቱሪስት ከአገር እንድትወጣ ተደርጋለች።

ከ3 ሰዓት በኋላ፦ ቤተ መንግሥትና ቀትር

ድንጋዩ መጋል ሲጀምር ጫማችሁን አጥልቃችሁ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሱ። ሰባት ፎቅ፣ አንድ ሺህ ክፍል ነበረው ይባላል፤ አሁን ያለው 3 ሜትር የሚወፍር የጡብ ግድግዳና የወለል ሳንቃዎቹ የተሰኩባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ከጎኑ ያለው የጉባኤ አዳራሽ ይበልጥ ደስ ይላል፤ በመሠረቱ ዙሪያ የተቀረጹት ዝሆኖች አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ለምሳ ከቅጥሩ ስትወጡ በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ትኬታችሁ ላይ እንዲፈርምበት ጠይቁ፤ አለዚያ እንደገና አታስገቡኝም አስገቡኝ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። ምሳው ሩዝና በትንንሽ ሳሕን የቀረበ ወጥ ነው፤ በቀኝ እጅ ይበላል፤ በርበሬውም ለእኛ ምላስ የሚያሳፍር አይደለም። ለጾመኛ ስሪላንካ ገነት ናት፤ ምስሩም አትክልቱም የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኡምባላካዳ የሚሉት ደረቅ ዓሣ ተፈጭቶ ሳምቦል በሚባለው የኮኮናት ማባያና በአንዳንድ የአትክልት ወጥ ውስጥ ይገባል፤ አይታይም። «ማስ ማሉ ኤፓ» በሉ፤ ሥጋና ዓሣ አልፈልግም ማለት ነው። ከዚያም ስሙን ጠርታችሁ «ኡምባላካዳ ኤፓ» ብላችሁ ድገሙት። ጾም ካልሆነ ከሸክላ ዕቃ የሚቀዳውን የጎሽ እርጎ በዘንባባ ማር ሞክሩት።

ቀትሩን በሙዚየሙ አሳልፉ። ሕንፃዎቹ ጣሪያ ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳዩት ናሙናዎች የከሰዓቱን ፍርስራሽ እንድታነቡት ይረዷችኋል፤ ከጉብኝቱ በፊት ሳይሆን መሃል ላይ ማየት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፦ ወደ ሰሜን

ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ። መንገድ ላይ ታምቢሊ የሚባለውን ብርቱካናማ ኮኮናት ይሸጣሉ፤ ሻጩ አናቱን ቆርጦ ይሰጣችኋል። ምግብ ብስክሌት ቅርጫት ውስጥ አትተዉ። ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አንድ ዝንጀሮ ሙዜን ከነከረጢቱ ይዞ ዛፍ ላይ ነበር፤ እየላጠ ሲበላ ቁልቁል ያየኝ ነበር። ትንኝም አለ። አገሪቱ ከወባ ነጻ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 አረጋግጦላታል፤ የደንጊ ትኩሳት ግን ስላለ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ።

አሁን ካልሲው ይውጣ። ወደ ሰሜን ስትነዱ በመጀመሪያ ራንኮት ቬሄራ ይመጣል፤ 55 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጡብ ጉልላት ነው፤ ዙሩትና እለፉ። ቀጥሎ ያለው ላንካቲላካ ግን ያስቆማል። ሁለት ረጃጅም የጡብ ግድግዳዎች 17 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ፣ በመጨረሻው ላይ ጭንቅላቱ የሌለ ግዙፍ ቡድሃ ቆሟል። ግድግዳዎቹ ለጥቂት ሰዓት ጥላ ስለሚሰጡ ወለሉ ይቻላል። አጠገቡ ነጩ ኪሪ ቬሄራ አለ፤ ስሙ ወተት ማለት ነው።

ከዚያ ከአለት የተጠረቡት ቡድሃዎች ያሉበትን ጋል ቪሃራን ለመመለሻ ትታችሁ፣ በቀኝም በግራም ሳታዩ አልፋችሁ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ እስከ ቲቫንካ ቤተ መቅደስ ሂዱ። ጣሪያ አለው፤ ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በመንገዱ ላይ ያለችውን የሎተስ መታጠቢያ ገንዳ ቆም ብላችሁ እዩ፤ ስምንት ቅጠል ያላቸው አምስት ክቦች አንዱ ከሌላው እየጠበቡ ወደ ታች ይወርዳሉ።

10 ሰዓት ተኩል፦ ጋል ቪሃራ

የአውቶቡስ ቡድኖች ሲመለሱ እናንተ ግቡ። ከሐውልቶቹ ፊት ለፊት ዝቅ ያለ ቋጥኝ አለ፤ እዚያ ተቀመጡ። በአንድ አለት ላይ አራት ቡድሃዎች ተጠርበዋል፦ 4.6 ሜትር የሚሆን ተቀማጭ፣ በዋሻ ውስጥ ያለ አነስተኛ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያጣመረ 7 ሜትር የሚጠጋ ቋሚ፣ በጎኑ የተኛ 14 ሜትር።

የተኛውን በቅርብ ተመልከቱ። ትራሱ ድንጋይ ነው፤ ራሱ ያረፈበት ቦታ ግን እንደ ላባ ትራስ ጎድጉዷል። እግሮቹ ጋ ስትደርሱ የላይኛው እግር ከታችኛው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። የሚያንቀላፋ ሰው እግሩን ገጥሞ ይተኛል፤ ይህ ግን ያረፈ ነው፤ ቀራጩ የሞትን ምልክት ያኖረው በዚያች ልዩነት ላይ ነው። የአለቱ የተፈጥሮ መስመሮች በፊቱና በልብሱ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያልፋሉ፤ ማንም አልሣላቸውም።

ይህ ሥራ የፓራክራማባሁ ዘመን ሥራ ነው፤ እሱ እስከ 1186 ነገሠ። በላስታ ተራሮች የንጉሥ ላሊበላ ዘመንም በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በሁለት የማይተዋወቁ አገሮች አንድ ወጥ አለት የሚጠርቡ መዶሻዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ልዩነት ውስጥ ይደመጡ ነበር። ላሊበላ ላይ የተተከለውን ከለላ ጣሪያ አይቶ ያዘነ ሰው ከፍ ብሎ ይመልከት፤ እዚህም ዘመናዊ ከለላ ተተክሏል።

በዙሪያው «ጥንታዊ» ሳንቲምና ሐውልት የሚሸጡ ሰዎች ይቀርቧችኋል። ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘባችሁ ይባክናል፤ እውነተኛ ከሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው።

12 ሰዓት ሲቃረብ ጥበቃዎች ያስወጣሉ። በዚያ ምድር ምሽት ቶሎ ይወድቃል፤ የመመለሻው መንገድ በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ የብስክሌቱን መብራት ገና ሳትነሱ አብሩ፤ ጫማችሁንም በደንብ እሰሩ። ካልሲዎቹን ለማጠብ አትድከሙ፤ የፖሎናሩዋ ቀይ አቧራ አይለቅም።